ወፍራም እሳት ለስስ ላሜራ

ከእግሯ ሥር አስፋልቱ ሲሮጥ በሚታይ መኪና ሚስትህን አሳፍረህ ታውቃለህ? አላውቅም ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ ውጣና የመኪናህን ምንጣፍ ገልጠህ እይ። ከምንጣፉ ሥር ሬንጅ ታገኛለህ፤ ከሬንጁ ሥር ስቱኮ፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ በጣትህ ስትነካው እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈር ዝገት። ጋራዡ ይህን ሁሉ ደብቆ «አዲስ አድርጌልሃለሁ» ሲልህ አመስግነህ ወጥተሃል። ደባቂው ጥፋተኛ ነው፤ ሳይገልጥ ያመሰገነውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌርም ምንጣፉን የገለጡት ወደው አልነበረም። ያስገለጧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እኚህ ሴት የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሐኪም ቤት የሚመላለሱት በባላቸው አሮጌ ፒካፕ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወንበራቸው ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ጫማቸውም ውስጥ አቧራ ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ መኪናው በእግሬ ሊያስኬደኝ ነው እንዴ? ወለሉ እኮ የለም!» አሉ።

አልዋሹም። ወንበሩን ከያዙት አራት ብሎኖች ሁለቱ የታሰሩት ዝገት ላይ ነበር።

ሾፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሕዝብ ሲያመላልሱ አንድም ተሳፋሪ አቁስለው አያውቁም። ሰፈሩ «ጋሽ ቀስ በቀስ» የሚላቸውም በዚሁ ነው። አሁን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የቀሯቸው ተሳፋሪ አንድ ናቸው፤ እሳቸውም «ወንበሬ ሥር ያለው ብረት በደንብ ካልተበየደ በዚህ በር አልገባም» ብለው ማሉ። ወለሉን በሬንጅ ደብቆ የሰጣቸውን ጋራዥ ሁለተኛ አላምንም ያሉት ሾፌር ደግሞ፣ የራሳቸውን የብየዳ ማሽን ገዝተው፣ መኪናቸውን በሚያቆሙበት በራሳቸው ቆርቆሮ ቤት ሥር ሊሠሩት ወሰኑ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምክር ሲጠየቅበት ነው። ሰው ምክር የሚጠይቀው ቅርብ ያለውን እንጂ የሚያውቀውን አይደለምና።

ቅርብ ያለው በር ሠሪው ነበር። ሁለት ቤት አልፎ ባለው ግቢው የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። አንድ ትርፍ ማሽን ስለነበረው «ለእርስዎ የሚሆን አለኝ» አላቸው።

በዚያ ሰፈር የብየዳ ማሽን የሚመረጥበት አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ማሽኑን ሁለት ሰው ተሸክሞ መሐል ግቢ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰው ብቻውን ካነሳው፣ ያ ማሽን ገና ሳይሞከር ተንቋል። ከዚያ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች ይገጠማሉ፤ ኤሌክትሮድ የሚባለው የብየዳ ዘንግ ይጫራል፤ ብርሃኑ አጥር ዘልሎ የጎረቤት ግድግዳ ካበራና ብረቱ በመዶሻ ተመትቶ ካልተላቀቀ «ማሽን ማለት ይሄ ነው!» ተብሎ ይጨበጨባል። ገዢው ምን ሊበይድበት እንደመጣ የሚጠይቅ አንድ ነፍስ የለም። ይህ ምርጫ ነው? ሸክላ ለሚደረደርበት ቤት በሬ እንደ መግዛት ነው እንጂ!

ጭብጨባው ሊደርስ ሲል ነው የሾፌሩ የእህት ልጅ በግቢው በር ያለፈችው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ ታስተምራለች፤ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። አጎቷ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው እሳቱን ሲመለከቱ አየች።

«ጋሼ! ዓይንዎን!» ብላ ጮኸች።

ሾፌሩ ደንግጠው ዞሩ። «አንቺ ልጅ! ልቤን ልታቆሚው ነው?»

«ዓይን ይለምዳል፣ እህቴ» አለ በር ሠሪው። «እኔ ሃያ ዓመት ያለ ማስክ ነው የሠራሁት። ምን ሆንኩ?»

«እንደምን ዋልክ?» አለችው ልጅቷ።

«እግዜር ይመስገን» አለ ፊቱን ወደ አንድ ምሰሶ አዙሮ።

«ምሰሶውን ነው ያመሰገንከው። እኔ በዚህ በኩል ነኝ።»

ረዳቶቹ ሳቁ። በር ሠሪውም እየሳቀ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፤ ዓይኑ ከልቡ እያሳከከው መሆኑን ግን ሾፌሩ ልብ አሉ። ልብ አሉና ወዲያው ረሱት፤ ሰው ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር ለመርሳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ልጅቷ ማሽኑን ዞራ አየችው። «ድልድይ ሊሠሩ ነው፣ ጋሼ?»

«የምን ድልድይ አመጣሽ? የመኪናዬን ወለል ነው።»

«የወለሉ ላሜራ ውፍረቱ ስንት ነው?»

«ላሜራ ነዋ! ላሜራ ላሜራ ነው።»

«አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። አሁን የተበየደው ብረት ግን አሥር ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ፈተና የማሽኑን ጉልበት እንጂ ለእርስዎ ሥራ መሆኑን አያሳይም።»

በር ሠሪው ጣልቃ ገባ። «ትልቁን የቻለ ትንሹን ያቅተዋል? ኃይሉን መቀነስ ነው። እሳት ካየው ምን ለየው!»

«ስስ ላሜራ ላይ ኃይሉን ስትቀንሰው ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፤ ስትጨምረው ይበሳል። በመሐል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። እጁ የበሰለ ሰው በቀጭን ኤሌክትሮድ ያገኛት ይሆናል፤ አንተ ምናልባት ታገኛታለህ። ጋሼ ግን የሚጀምሩት ነገ ነው።»

ሾፌሩ ደረታቸውን ነፉ። «ከመኪና ጋር ስተዋወቅ አንቺ አልተወለድሽም።»

«እውነት ነው። እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አውቶቡስ መንዳት የሚማር ሰው ሲሰጥዎ፣ በመጀመሪያው ቀን ተሳፋሪ አሳጭቀው ዳገት ያስወጡት ነበር?»

«እብድ ነኝ? ባዶውን፣ በሜዳ ላይ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ራስዎን ለምን በመጀመሪያው ቀን እትዬን አሳፍረው ዳገት ያስወጣሉ?»

 በራሱ ቃል የተያዘ ሽማግሌ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ይቆጣል። «የተማረ ሁሉ አፉ ስለት ነው፤ እጁ ግን ዱልዱም!» አሉና ማሽኑን ፒካፑ ላይ አስጫኑ። በር ሠሪውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ወስደው ይሞክሩት። ካልሆነዎት ይመልሱልኛል» አላቸው።

«በሙከራውስ እስማማለሁ» አለች ልጅቷ። «ግን መኪናው ላይ አይሞክሩ። ከቤትዎ ጀርባ የቆመ አሮጌ የመኪና በር አለ አይደል? ላሜራው ከወለልዎ ጋር ይቀራረባል። እሱ ላይ ይጀምሩ። ማስክ እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

በነጋታው የዕረፍት ቀን ነበር። ልጅቷ ማስክና የቆዳ ጓንት ይዛ መጣች፤ ባለቤታቸው ወንበር አውጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሾፌሩም በአሮጌው በር ላይ አንዲት የላሜራ ቁራጭ አስጠግተው ኤሌክትሮዱን ጫሩ። ከቤት ውስጥ የሚሰማው ራዲዮ ቀጥ አለ።

«ገና ሳትበይድ አጨለምክብን!» አሉ ባለቤታቸው።

የዘለለውን ፊውዝ መለሱ። ሁለተኛ ጫሩ፤ ኤሌክትሮዱ ተጣበቀ። ነቅለው ኃይሉን ጨመር አደረጉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጫሩ፤ ላሜራው እንደ ቅቤ ቀለጠና የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች። እሷን ሊደፍኑ ሲሉ የጠርሙስ ክዳን አከለች። የጠርሙስ ክዳኑን ሊደፍኑ ሲሉ የብርጭቆ አፍ ሆነ።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» አሉ ባለቤታቸው። «ወንበሬን እዚህ ላይ ልታስቀምጠው ነበር?»

«ላሜራው ነው የተበላሸው!»

«የኛው መኪና ላሜራስ ትናንት ከፋብሪካ ወጣ?»

ሾፌሩ ማስኩን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የረታ ቀን ይፎክራል፤ ፎክሮም የረታውን ያጣል።

«ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጋሼ። ለበር ሥራ የተፈጠረ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሽቦ እየመገበ የሚበይደው ነው። ሽቦው የስድስት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ አለው፤ ከአፉ ጋዝ እየነፋ ቀላጩን ከአየር ይጠብቀዋል፤ ኃይሉም በጣም ዝቅ ይልልዎታል።»

«ጋዝ?» ሾፌሩ ብድግ አሉ። «ቤቴን ልታፈነጂው?»

«የሚነድ ጋዝ አይደለም። አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነው፤ ክብሪት ቢጭሩበት ክብሪቱ ይጠፋል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተከማቸ አየሩን አስወጥቶ ሰው ያፍናል። ስለዚህ በሩን ከፍተው ይሠራሉ፤ ሲሊንደሩንም እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ያስሩታል።»

«ያለ ጋዝ የሚሠራ ሽቦ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እሱ አይሻልም?»

«አለ፤ ሆዱ ውስጥ ዱቄት የያዘ ሽቦ ነው። ነፋስ ባለበት ደጅ ላይ ይመረጣል። ግን ሙቀቱና ፍንጣሪው ስለሚበረታ ስስ ላሜራ ላይ ጀማሪን ያስቸግራል። ሁለቱንም የሚቀበል ማሽን ቢያገኙ ደግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከመግዛትዎ አስቀድሞ የቤትዎ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል የመብራት ሠራተኛ ያሳዩ። ማሽኑ ከሚፈልገው ያነሰ ከሆነ፣ ዛሬ ራዲዮው ላይ የደረሰው ነገ ግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ይደርሳል።»

«ስለ ክብደቱ ምንም አላልሽም።»

«ሊሸከሙት ነው ሊበይዱበት?»

ባለቤታቸው ከት ብለው ሳቁ። ሾፌሩም ፈገግታቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ። ግን ገና አልተረቱም ነበር። ቀዳዳ ያየ ሰው ማሽን ይቀይራል፤ ልቡን ግን አይቀይርም።

ልባቸው የተቀየረው በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በየጠረጴዛው መሐል መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ወለሉ ተጠርጎ የብረት ብናኝ እንኳ አይታይበትም። ልጅቷ ከመደርደሪያ ላይ አንዲት ሳጥን በአንድ እጇ አንስታ አመጣች።

«ይቺ የሕፃን መጫወቻ ናት» አሉ ሾፌሩ።

«እንጫወታ!»

ከአሮጌው በር የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች አቀረበችላቸው። ቀለሙን እንዲፍቁ ነገረቻቸው፤ ፋቁ። ማስኩን አጠለቁ፤ መያዣውን ተጫኑ፤ ሽቦው ጢዝ እያለ ወጣ። ቀዳዳ አልተከፈተም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው ማስኩን ሲያነሱ፣ በቁራጮቹ መሐል እንደ ዶቃ የተደረደሩ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች አዩ።

«እይ! እይ የኔን እጅ!» አሉ ለራሳቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ያማረ ነገር በእጃቸው ሠርተው አያውቁም። «ይህን ይዤ ባለቤቴ ፊት ስቀርብ ምን ትል ይሆን!»

ልጅቷ ቁራጮቹን ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችና መዶሻ ሰጠቻቸው። «ይምቱት።»

«ለምን? ያምር የለ?»

«የበየዱት እንዲያምር አይደለም።»

አንድ ጊዜ መቱት። ዶቃዎቹ ሁሉ በአንድነት ከሥራቸው ተላጡና ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀ።

ሾፌሩ በመጀመሪያ ደስ አላቸው። «ያውልሽ! ማሽንሽ ውሸታም ናት! የበር ሠሪው ማሽን ቢበሳም ቢያንስ አይዋሽም!»

«ይገልብጡት» አለች ልጅቷ።

ገለበጡት። ከሥሩ አሮጌው ቀለም እንዳለ ነበር፤ ዝገትም ጠርዙን ይዞታል። የፋቁት ዓይን የሚያየውን ፊት ብቻ ነው።

«ማሽን አይዋሽም፣ ጋሼ። የሰጡትን ነው የሚሰጥዎ። ቀለም ላይ ሲያስቀምጡት ቀለሙን ይይዛል እንጂ ብረቱን አይይዝም። ኃይሉም ትንሽ አንሶት ነበር። እያየሁ ዝም አልኩዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብነግርዎ ኖሮ ያምኑኝ ነበር?»

ሾፌሩ ቁራጩን ከመሬት አንስተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ያን ጊዜ የታያቸው ላሜራው አልነበረም። የታያቸው ዳገት ነው፤ ከፊት ድንገት የሚያቋርጥ ሰው፣ እሳቸው በሙሉ ኃይላቸው የሚረግጡት ፍሬን፣ እና በአማረ ብየዳ ላይ ተማምነው የተቀመጡ አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት።

«ቀዳዳውን እኮ ማንም ያየዋል» አሉ ዝግ ብለው። «ይህን ግን ማን ያየው ነበር?»

«ማንም።»

«እኔ ራሴ ኮርቼበት ነበር።» መዶሻውን ጨበጡ። «በይ፣ ከመጀመሪያው አስተምሪኝ። አፍሽ ስለት ነው ያልኩትን ትቼዋለሁ።»

«እጁ ዱልዱም ያሉትንስ?»

«እሱን ደግሞ እያየን!»

የበር ሠሪውን ማሽን በምስጋና መለሱለት። በር ሠሪው አልተቀየመም፤ ለበር የሚያቆመውን ወፍራም ምሰሶ ሊበይድበት ወዲያው ሰካው። ሾፌሩ በሽቦ የሚሠራውን አነስተኛ ማሽን የገዙት የቤታቸው መስመር ከተመረመረና ለእሱ ብቻ የሚሆን ሶኬት ከተዘረጋላቸው በኋላ ነው። ሲገዙም የመኪናቸውን ላሜራ ቁራጭ በኪሳቸው ይዘው ሄደው፣ «በዚህ ላይ አሳየኝ» ብለው ነው። ሻጩ ወፍራም ብረት ሲያነሳ «እሱን ለድልድይ ሠሪ አቆየው» አሉት።

ዘጠኝ ቀን አሮጌውን በር ቆርጠው መልሰው ሲበይዱ ሰነበቱ። መዶሻው ብየዳውን ሳይላጥ፣ ላሜራው ራሱ ከብየዳው ጎን እስኪቀደድ ድረስ ወደ መኪናው አልተጠጉም። የተጠጉ ቀን ባትሪውን ፈቱ፤ ወንበሩንና ምንጣፉን አወጡ፤ በሥሩ የሚያልፈውን የነዳጅ ቱቦ ልጅቷ ባለችበት ነቅለው አራቁ። ዝገቱን በላዩ ሊለጥፉበት አልሞከሩም፤ ጤነኛ ብረት እስኪያገኙ ቆርጠው ጣሉት። ባለቤታቸው የውሃ ባልዲ ይዘው በሩ ላይ ተሰየሙ።

«ሥራዬ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የእሳት አደጋ አዛዥ ነሽ።»

«ሹመቱ ቢያንስ ኖሮ አልቀበልም ነበር።»

ሾፌሩ አንድ ነጥብ በዚህ ጥግ፣ አንድ ነጥብ በዚያ ጥግ እያደረጉ፣ ላሜራው እንዳይጣመም እያበረዱ፣ ቀስ በቀስ ወለሉን ዘጉት። ለስማቸው የሚስማማ ሥራ ነበር። ካበቁም በኋላ አዛዧ ከቦታቸው አልተነሱም፤ ያልታየ ፍም እንዳይኖር አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ።

ልጅቷ ከሥሩ ገብታ በመብራት መረመረችና ወጣች። «ወለሉ ጥሩ ነው። አሁን የቀረው የወንበሩ መያዣ ነው። ይቀጥላሉ?»

ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ይህ ጥያቄ ስድብ በሆነባቸው ነበር። ሾፌሩ ግን ማስኩን አውልቀው ለእሷ አቀበሏት።

«እሱን አንቺ በይጂው። ሰው ይቀመጥበታል። እኔ ገና ባዶ አውቶቡስ ነጂ ነኝ።»

ማሽን ምርጫ ብቻ ተምረው ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ግማሽ በቀረ ነበር። መሣሪያን በሥራው መለካት ደግ ነው፤ ራስን በሥራው መለካት ግን ከዚያ ይበልጣል። ይህን የለካ ሰው ዓይኑ አይጠፋም፤ የቤቱ መብራት አይቃጠልም፤ ላሜራ እየበሳ ብረት አያባክንም፤ ከሁሉም በላይ የሚወደውን ሰው በማማር ብቻ በተያዘ ነገር ላይ አያስቀምጥም። በር ሠሪው ራሱ በሳምንቱ መጥቶ «ያ ማስክ የት ነው የሚገኘው?» ብሎ ጠይቋል። ሲጠይቅ የቆመው ፊት ለፊታቸው ነው፤ ዓይኑ ግን አሁንም ያለቅስ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ባለቤታቸው በአዲሱ ወለል ላይ ጫማቸውን ዘርግተው፣ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ሄዱ። የተሽከርካሪ ምርመራው ግቢ በመኪና ተሞልቷል፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። መርማሪው መጣ፤ መብራቱን አየ፤ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ፤ ማኅተሙን አሳረፈ።

«ጨርሰናል፣ አባባ። ይሂዱ።»

ሾፌሩ ከመኪናቸው ወረዱ። «ሥሩን አላየህም።»

«ምን ያደርግልኛል? መኪናው ያምራል።»

ሾፌሩ ይህችን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ። ከኪሳቸው ያለፈውን ዓመት የምርመራ ወረቀት አወጡ። ይኸው ማኅተም፣ ይኸው ግቢ፣ «ለአገልግሎት ብቁ» የሚለው ይኸው ጽሑፍ አለበት። ዝገቱ ያን ጊዜም በሬንጅ ሥር ነበረ፤ በሁለት ብሎን የተንጠለጠለው ወንበርም ነበረ።

«አባባ፣ አለፈልዎ እኮ! ሰልፉን አይዝጉ» አለ መርማሪው።

«አዎ፣ አልፎልኛል። እነዚህ ሁሉ ግን ከነሚስትና ልጆቻቸው ከኋላዬ ቆመዋል» አሉ ሾፌሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ውስጥ እስከ መጨረሻው ወንበር ሲሰማ የኖረው ድምፃቸው ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሾፌሮች ከመስኮታቸው አንገታቸውን አወጡ፤ ከቢሮው ውስጥም ሰው ቆሞ መመልከት ጀመረ። ሾፌሩ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ወደ ላይ ከፍ አደረጉት።

«ይህን የፈረመው ሰው ከቢሮው ይውጣ! ሹክሹክታ አልፈልግም፤ ነገ ተመለስ መባልም አልፈልግም። እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይመልስልኝ፤ ባለቤቴ የተቀመጠችበትን ወለል ብቁ ነው ብለህ የፈረምከው ምኑን አይተህ ነው?»